ባሕር ሊያሳዩን ወስደው ጎልፍ ላሳዩን ሊቀመንበራችን

ለተከበሩ አቶ መኳንንት፣
የግራንድ ፕሬሪ ከተማ ኢትዮጵያውያን አረጋውያን መረዳጃ ማኅበራችን ሊቀመንበር፣
ባሉበት።

ጤናዎ እንደምን ነው? ወገብዎን፣ ክንድዎን፣ በተለይም ያንን የጎልፍ ዱላ የሚወዘውዙበትን ትከሻዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ። እኔ ጉልበቴ ከዳኝ እንጂ አፌ ደህና ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ጽሕፈቱ የጎረቤቴ የሰርካዲስ ነው፣ ነገሩ ግን የራሴ ነው። አንድ ቃል እንዳታለሰልስም ቃል አስገብቻታለሁ።

በማኅበራችን የፌስቡክ ገጽ ላይ «ሊጎበኙ የሚገባቸው የባሕር ዳርቻ ጎልፍ ሜዳዎች» ብለው ያወጡትን ምክር አነበበችልኝ። ሣሩን፣ ነፋሱን፣ ጉድጓዱን ሳይቀር አሳምረው ገልጸውታል። በዚያው ጉዞ አብሬዎ ስለነበርኩ፣ የረሱትን ልሙላልዎ ብዬ ነው።

አንደኛ። ጉዞው ለምን እንደታሰበ ሳይጽፉት ቀርተዋል። ልጄ ታዲዮስ አውሮፓ እገባለሁ ብሎ ጀልባ ላይ ወጥቶ ባሕር እንደበላው ያውቃሉ፤ ለቅሶዬን ደርሰዋል። ሬሳው አልመጣ፣ አፈር አልለበሰ። ውኃ ሁሉ አንድ ነው፣ ዓይኔ ሳይከደን አንድ ቀን ዳሩ ላይ ቆሜ ፍትሐት ይደረግለት አልኩ። እርስዎም በስብሰባ ተነሥተው፣ ባስ ይዘን አባባን ውኃው ድረስ እናደርሳለን ብለው አስጨበጨቡ። ስለ ጭብጨባው አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ። የመጀመሪያው ሜዳ እውነትም ሊጎበኝ የሚገባው ይመስላል፤ እኛ የጎበኘነው ግን ባሱ ፓርክ ያደረገበትን ነው። መጣሁ ብለው እንደወረዱ የምሳ ሰዓት አለፈ። ፍትሐቱን ሊያደርሱ አብረውን የመጡት ቄስ ኖላዊ መስቀላቸውንና ልብሰ ተክህኗቸውን የያዘውን ቦርሳ እንደታቀፉ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ሦስተኛ። በሁለተኛው ሜዳ አስገቡን፣ እግዜር ይስጥልን። ሣሩ እንደ ምንጣፍ ተከርክሞ፣ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንዱ ሊመታ ሲል ሌላው ትንፋሹን ውጦ ሲቆም አየን። እኛ ሽማግሌዎች እንዲህ ያለ ጸጥታ የምናውቀው በቅዳሴ ነውና ጫማችንን አውልቀን ገባን። ወይዘሮ ውባለምማ ጉድጓዷ ላይ የተተከለችውን ባንዲራ ሊሳለሙ ትንሽ ቀራቸው። የሜዳው ዘበኛ በትንሽ የሞተር ጋሪ መጥቶ ሲጮኽብን፣ እርስዎ እነዚህ ደግሞ የማን ናቸው በሚል ዓይን አዩን። ፈረንጁ እንኳ እንደዚያ አላየንም።

አራተኛው ላይ ሳቅ የለም። በመጨረሻው ሜዳ ጫፍ ባሕሩ ታየ። ከሽቦ አጥሩ ማዶ፣ ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስበት ነው። ድምፁን ሰማሁት። በዚያ በኩል የሚያልፈው ተጫዋች ብቻ ነው ተባለ። እንግዲያው ኳሱን ይተዉትና በባሱ ዞረን እንድረስ ብዬ ለመንኩዎ፤ እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም። እርስዎ ዓይንዎን ከኳሱ ሳይነቅሉ «አባባ፣ ባሕሩ እኮ ከዚህም ይታያል» አሉኝ። እርስዎ ጨርሰው ሲመጡ ሾፌሩ ሰዓት አልቋል አለ። ቄሱ ቦርሳቸውን ሳይከፍቱ ተመለስን።

የመጪው ዓመት ጉዞም ወደነዚያው ሜዳዎች እንደሆነ ሰምቻለሁ። ሐኪሜ ከእንግዲህ ሩቅ መንገድ የለም ብሎኛል። ስለዚህ ወንበሬ ላይ ዱላዎችዎን ያስቀምጡበት፤ እነሱ የትም ቢገቡ የሚከለክላቸው የለም።

እጅ ነሥቼ እንዳልሰናበትዎ ጉልበቴ አይታጠፍም፤ ቢታጠፍም አላጥፈውም። ቀጥ ብዬ ቆሜ ተሰናብቼዎታለሁ።

ገብረ ሥላሴ፣ የታዲዮስ አባት

ሳልረሳው፦ ሰርካዲስ እንደምትለኝ፣ ካወጧቸው ፎቶዎች በአንደኛው ዱላዎን ትከሻዎ ላይ አጋድመው ሲስቁ ከጀርባዎ ባሕሩ ይታያል። እባክዎ የእርስዎን ምስል ቆርጠው ይጣሉና የቀረውን ይላኩልኝ። ቄስ ኖላዊ ፍትሐቱን እሱ ላይ ያድርሱለት። ልጄ ከዚያ ሌላ መቃብር የለውም።