የእንስሳት ሐኪም ዶክተር የሻረግ ጉግሳ፦ ሰመራ ላይ ያለፈ ዕድሜ

ዶክተር የሻረግ ጉግሳ ከአባታቸው ከአቶ ጉግሳ ወልደሰማያት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስረሳሽ ተድላ በመስከረም ወር 1966 ዓ.ም. በአዋሽ ሰባት ኪሎ፣ በባቡር ሠራተኞች መኖሪያ ግቢ ተወለዱ። ይህን የሕይወት ታሪክ ያዘጋጀሁት ታናሽ ወንድማቸው ታሪኩ ጉግሳ ነኝ። ልጅ ሳሉ ባቡሩ ቆሞ ሲነሣ ከግቢው አጥር ሥር ሆነው መንገደኞቹን ይመለከቱ ነበር። ወይዘሮ አስረሳሽ፣ “ይቺ ልጅ አንድ ቀን ተሳፍራ ትጠፋለች” ይሉ እንደነበር ቤተሰቡ ያስታውሳል።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአዋሽ፣ ሁለተኛ ደረጃን ደግሞ ናዝሬት አክስታቸው ቤት ተቀምጠው አጠናቀቁ። በ1984 ዓ.ም. ደብረ ዘይት ገብተው የእንስሳት ሕክምና አጥንተው በ1990 ዓ.ም. በዶክተርነት ተመረቁ። የሥራ ዕጣ ሲወጣ አሳይታ ደረሳቸው። ጥቂት ዓመት አገልግለው እንደሚዛወሩ ተነግሯቸው በደስታ ሄዱ። የክልሉ መሥሪያ ቤቶች ወደ ሰመራ ሲዛወሩ እሳቸውም አብረው ተዛወሩ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስም የኖሩት እዚያው ነው።

በ1994 ዓ.ም. አሳይታ የሒሳብ መምህር ከነበሩት ከአቶ መለሰ ኃይሉ ጋር ጋብቻቸውን ፈጸሙ። በ1996 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጃቸው በሰባት ወሯ ተወለደች። ጡት መጥባት ጀምራ ነበር። ከዚያ ሆዷ ተነፋ፣ ወተቱም አልረጋላት አለ፤ ክርስትና ሳትነሣ አረፈች። ያከሟት ሐኪም፣ “አንጀቷ ገና አልጠናም ነበር። የሚገባውን መፍጨት አልቻለም” ብለው አስረዷቸው። ዶክተር የሻረግ ይህን ቃል ከልባቸው አላወጡትም። በድርቅ ዓመት ፍየሎች ጊዜያቸው ሳይደርስ ሲወልዱ፣ ግልገሉ ቆሞ እንገሩን ጠጥቶ ሆዱ ተነፍቶ ሲሞት ከዚያ በፊትም ያዩ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እንደ ድሮው ማየት አልቻሉም። እናቲቱ በእርግዝናዋ መጨረሻ ጥሩ ብትመገብ የግልገሉ አንጀት ቀድሞ ይጠና ይሆን? ይህ ጥያቄ የሕይወታቸው ጥያቄ ሆነ።

በ1998 ዓ.ም. ልጃቸው ፍቅረሰላም በሰላም ተወለደ። ትምህርት ቤት የሚገባበት ጊዜ ሲደርስ አቶ መለሰ ዝውውር አግኝተው ልጁን ይዘው ወደ አዳማ ሄዱ፤ ዶክተር የሻረግም ተከትለው እንዲሄዱ ተስማሙ። ዝውውር ጠየቁ። መልሱ፣ “የሚተካዎት ሰው ሲገኝ ይሄዳሉ” የሚል ነበር። በዓመቱ ጠየቁ፤ በሦስተኛውም ጠየቁ፤ መልሱ አልተለወጠም። ሥራውን ትተው እንዳይወጡ ለእናታቸው መታከሚያና ለልጃቸው ማስተማሪያ የሚሆነው ደመወዛቸው ነበር። ሰመራ በተከራዩት ቤት መስኮት ላይ መጋረጃ አልሰቀሉም። ልጠይቃቸው ሄጄ ፀሐዩ ሲያቃጥለኝ፣ “እኅቴ፣ ምናለ አንድ ጨርቅ ብትሰቅዪ?” ብላቸው፣ “ከሰቀልኩማ ኖርኩ ማለት ነው” አሉኝ።

በ2007 ዓ.ም. ሥራቸውን ሳይለቁ ሁለተኛ ዲግሪ ጀመሩ። ደጋ ላይ ያለ አንድ የምርምር ማዕከል ጥናታቸውን ሲጨርሱ ሊቀጥራቸው ተስማምቶ ነበርና መውጫቸው ይኸው ሆነ። ጥናቱም የልባቸው ነበር። በዱብቲ ዙሪያ ያሉ እርጉዝ ፍየሎችን ለሁለት ከፈሉ። አንደኛው ወገን በእርግዝናው መጨረሻ ከዘይት ጭማቂ የሚተርፍ ፋጉሎ እንዲሁም ማዕድንና ቫይታሚን የተቀላቀለበት መኖ ይሰጠዋል፤ ሁለተኛው እንደ ወትሮው በግጦሽ ብቻ ይቆያል። ከሁለቱም ወገን ያለጊዜያቸው የተወለዱት ግልገሎች አንጀት ይመረመራል። የወይዘሮ ኸሊዳ ፍየሎች የደረሳቸው ከሁለተኛው ወገን ነበር። ወይዘሮ ኸሊዳ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸውን በፍየል ወተት የሚያሳድጉ የዱብቲ ነዋሪ ናቸው።

በ2008 ዓ.ም. ዝናብ ቀረ፤ ግጦሹም አለቀ። የወይዘሮ ኸሊዳ ፍየሎች ተራ በተራ ያለጊዜያቸው ይወልዱ ጀመር። ዶክተር የሻረግ የሞተውን ግልገል ዛፍ ጥላ ሥር ቀደው አንጀቱን ሲመረምሩ ወይዘሮ ኸሊዳ አጠገባቸው ቆመው ያያሉ። አንድ ቀን ጠየቋቸው።

“ዶክተር፣ መኖው መጋዘን ውስጥ አለ?”

“አለ።”

“ለኔዎቹ ለምን አይሆንም?”

“ያልበሉት ካልታዩ መኖው መጥቀሙ አይታወቅም።”

ወይዘሮ ኸሊዳ፣ “አንቺ ለማወቅ ነው። እኔ ልጆቼ ወተት እንዲያገኙ ነው። አላህ ያግዝሽ” ብለው ሄዱ። ቁጣ አልነበረባቸውም።

ዶክተር የሻረግ በማግስቱ መጋዘኑን ከፍተው መኖውን ለሁሉም አከፋፈሉ። ምን እንደሚከተል አልጠፋቸውም። አማካሪያቸው በስልክ፣ “ሁሉም ከበሉ ከምን ጋር ልታነጻጽሪ ነው?” ሲሏቸው፣ “ከምንም። ጥናቱ አልቋል” ብለው መለሱ። ዲግሪው ቀረ፤ የምርምር ማዕከሉም ሌላ ሰው ቀጠረ። ከዚያ በኋላ ከተወለዱት ግልገሎች የተረፉ አሉ፤ የሞቱም አሉ። ብዙም ሳይቆይ ዝናብ ስለጣለ ያተረፋቸው መኖው ይሁን ሣሩ የሚያውቅ የለም። እሳቸውም አላወቁም፤ አለማወቃቸውም ያንገበግባቸው ነበር። ሰዎች በጎ ሥራ ሠሩ ብለው ሲያመሰግኗቸው ወሬ ይለውጣሉ። ለእኔ ግን አንድ ጊዜ፣ “የመውጫዬን በር የዘጋሁት ራሴ ነኝ፤ ደግሞ ባልዘጋው ይሻል ነበር ማለት አልችልም” ብለውኛል።

ዶክተር የሻረግ ቁጡም ተጫዋችም ነበሩ። ለሠርግም ለለቅሶም ሎግያ ድረስ ይሄዳሉ፤ የታመመ እንስሳ ላለው ሰው በራቸውን ዘግተው አያውቁም። ከአቶ መለሰ ጋር በበዓላት ሲገናኙ ኖሩ፤ በየዓመቱም መለያየቱ አዲስ እየሆነባቸው አለፈ።

በ2015 ዓ.ም. የልብ ሕመም አደረባቸው። ሐኪሞች ከቆላው እንዲወጡ መከሯቸው፤ መሥሪያ ቤታቸውም ይህን ጊዜ ፈቀደላቸው። ልጃቸው ፍቅረሰላም መኪና ይዞ መጣ። “እማዬ፣ በቃ እንሂድ” ሲላቸው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ “ያን ሁሉ ዘመን አውጡኝ ብዬ ለመንኩ። አሁን ወጥቼ የት ልቀመጥ? ሰው የማውቀው እዚህ ነው” አሉት። አልሄዱም። ሕክምናቸውን በዱብቲ ሲከታተሉ ቆይተው ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰመራ በመኖሪያ ቤታቸው በተወለዱ በ51 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። በኑዛዜያቸው መሠረት ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ በትውልድ ከተማቸው በአዋሽ፣ በወላጆቻቸው አጠገብ ይፈጸማል።

ባለቤታቸው አቶ መለሰ ኃይሉ፣ ልጃቸው ፍቅረሰላም መለሰ፣ እኔ ወንድማቸው፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ ከዱብቲም ሌሊቱን ተጉዘው ከመካከላችን የተገኙት ወይዘሮ ኸሊዳ ሐዘንተኞች ነን። አስከሬናቸውን አጅባችሁ፣ በሚሌ መንገድ ላይም ከመኪና እየወረዳችሁ ለተሰናበታችኋቸው ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል።

በጠባቡ ዘመናቸው ለሰው ያልጠበቡትን የእኅታችንን ነፍስ እግዚአብሔር ወደ ሰፊው ስፍራ ያውጣልን፤ ቀድማ ከሄደችው ሕፃን ልጃቸው ጋርም ያገናኝልን። አሜን።