ሾላው ውስጥ የነበረው

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7 ቀን

ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኩትን ስለ ዛፎች የሚናገር መጽሐፍ ሳነብ ሾላ ላይ ደረስኩ። ጥላው፣ ለከብት የሚሆነው ቅጠሉ፣ ገንዳ የሚቦረቦርበት ግንዱ፣ ሁሉም የማውቀው ነው። ግንዱ ላይ ትልልቅ ፍሬ የሚያንጠለጥለው የባሕር ማዶው ጃክፍሩት ዘመዱ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። ቀጥሎ፣ በሾላ ፍሬ ውስጥ ጥቃቅን ተርቦች እንደሚፈለፈሉ፣ ያለ እነሱም ዛፉ ዘር እንደማይዝ ተጽፏል። አላመንኩም። ከገበያ ካመጣሁት ሾላ አንዱን ፍሬ ለሁለት ከፈልኩት። አሉ፤ ከነክንፋቸው።

ልጄ ስንዱ ሰባት ዓመቷ ሳለ፣ በዚሁ በፍልሰታ፣ ከኮላ ድባ የመጣ ሾላ ብሰጣት «ውስጡ ዝንብ አለ፤ ሥጋ ነው፤ እኔ ጾመኛ ነኝ» አለችኝ። በጾም የቀለደች መስሎኝ በርበሬ አጠንኳት። አባቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ምነው፣ ልጅቷን ተያት እንጂ» ሲል አልሰማሁትም። ፍሬውን እንኳ ከፍቼ አላየሁም።

አሁን ትዳር ይዛ አዘዞ ነው የምትኖረው። ደወልኩላት።

«ስንዱዬ፣ ሾላው ውስጥ ነፍሳት አሉ ለካ።»

ሳቀች። «እሰይ! ስንቱን ፍልሰታ ሥጋ ስትበዪ ኖረሻል፤ በይ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው!»

እኔ መሳቅ አቃተኝ። «በርበሬው ትዝ ይልሻል?»

ሳቋን ትታ ቀስ ብላ፣ «እማዬ፣ እኔ እኮ እስከ ዛሬ የዋሸሁ ነበር የሚመስለኝ» አለች።

ስልኩን እንዴት እንደዘጋሁት አላውቅም። ነገ በጠዋት አዘዞ እሄዳለሁ። ይህ በስልክ ይቅር በይኝ የሚባልበት ነገር አይደለም።