ሰላምታ የበዛበት ማራቶን

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7፤ ቆቦ

ትናንት ማታ ከአዲስ አበባ ገባሁ። ማራቶኑን ጨርሻለሁ፤ ተመስገን።

ሊጥለኝ የነበረው ዳገቱ አይደለም፣ ሰላምታው ነው። እኛ ዘንድ ሰው ተናግሮህ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ከመንገድ ዳር "አይዞህ!" ላለኝ ሁሉ "እግዜር ይስጥልኝ፣ ደህና ናችሁ?" እያልኩ ግማሹን ሮጥኩ። ትንፋሼ አለቀ። ወደኋላ የቀረውን እየለቀመ የሚመጣው አውቶቡስ ተጠጋኝ። አውቶቡሱ ለቅሞኝ ቆቦ ከመመለስ ሞት ይሻለኝ ነበር።

አጠገቤ የምትሮጥ ወጣት ሳቀች። "ጋሼ፣ አዲስ አበባን በሙሉ ሰላም ሊሉ ነው? እርስዎ ይሩጡ፣ እኔ እመልስልዎታለሁ።"

እውነትም እስከ መጨረሻው "ጋሼ አመስግነዋል!" እያለች መለሰችልኝ። ጥላኝ መሄድ ትችል ነበር። አብረን ገባን።

ዛሬ ጠዋት በሮቢት መንገድ እያነከስኩ ስሄድ፣ ጎረቤቴ ሰይድ ከሚያጭደው ማሽላ ቀና አለ። "አንተ! አውቶቡሱ ሳይለቅምህ ጨረስክ አሉ!"

ቆሜ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ማሽላው ጠየቅኩት። ከዚያ ስለ ወጣቷ ነገርኩት።

"አላህ ይስጣት። የማን ልጅ ናት?" አለኝ።

ያን ሁሉ ሰው ደህና ናችሁ ስል፣ የእሷን ስም ሳልጠይቅ መጣሁ።