«ሂጂና ተማሪ» ተብዬ ስማር ጠፍታለች ስለመባሌ

ቀን፦ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.
ድሬዳዋ

ለዩኒቨርሲቲያችን የአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት ጽ/ቤት
ዋናው ግቢ

ጉዳዩ፦ ከዋናው ግቢ ወደ ድሬዳዋ ግቢ ያደረግኩት ዝውውር እንዲጸድቅልኝና «ትምህርቷን ጥላ ጠፍታለች» መባሌ እንዲሰረዝልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ምክትል ፕሬዚዳንት፣

እኔ አመልካች ኢፍራህ ሰማታር የኤሌክትሪካል ምህንድስና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስሆን፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የተማርኩት በዋናው ግቢ ነው። ባለፈው ክረምት ለእረፍት ድሬዳዋ ሳለሁ እናቴን ወ/ሮ ፋርቱንን ስትሮክ መታት። እናቴ ቀፊራ ገበያ ቅመም ስትሸጥ የኖረች፣ ለደንበኛ በመጣበት ቋንቋ የምትመልስ ሴት ነበረች። ከሕመሙ በኋላ አማርኛውም ኦሮምኛውም ጠፋባት። የቀራት ሶማሊኛ ብቻ ነው፤ እሱም ተሰባብሮ ስለሚወጣ ከእኔ በቀር የሚረዳው የለም። አባቴ በሕይወት የለም፤ ሌላ ልጅም የላትም። ሐኪም ፊት ስትቀርብ የት እንደሚያማት የምናገርላት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ምዝገባ ሲደርስ ወደ ዋናው ግቢ ሄጄ፣ ይኸው ትምህርት ወደሚሰጥበት ወደ ድሬዳዋ ግቢ እንድዛወር ለትምህርት ክፍል ኃላፊዬ ለዶ/ር ሉቅማን ኻሊፍ አመለከትኩ። ካልተፈቀደልኝ የዊዝድሮዋል ቅጽ ሞልቼ ለአንድ ዓመት በሕጋዊ መንገድ ለማቋረጥ ወስኜ ነበር። ክቡርነትዎ ይህን እንዲያስተውሉልኝ እለምናለሁ፤ እንዳልሞላ የከለከሉኝ ራሳቸው ዶ/ር ሉቅማን ናቸው። «እኔም የድሬ ልጅ ነኝ። ያንቺ እናት እናቴ ናት። ዓመቱን ለምን ታቃጥያለሽ? ሂጂና ክፍል ግቢ፤ ወረቀቱን ለእኔ ተዪው» አሉኝ። እዚያው ፊቴ ለድሬዳዋ ግቢ አስተባባሪ ለወ/ሮ ዝናሽ ደውለው «ልጄን ልኬልሻለሁ፣ ተቀበያት» አሏቸው። አለቀስኩ። አባቴ ከሞተ ወዲህ «ልጄ» ያለኝ ወንድ አልነበረም።

ድሬዳዋ ተመልሼ ሙሉውን ሴሚስተር ተማርኩ። ጠዋት እናቴን አጥቤ፣ አብልቼ፣ ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ ክፍል እገባ ነበር። ለተግባር ልምምድ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመድቤ ሠርቻለሁ። ፈተናዎቹንም ሁሉ ተፈትኛለሁ። ስለ ዝውውሩ ስደውልላቸው ዶ/ር ሉቅማን «አልቋል እኮ፣ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው» ይሉኝ ነበር። አመንኳቸው።

ለሁለተኛው ሴሚስተር ልመዘገብ ስሄድ ግን ሬጅስትራር መስኮት ላይ «ስምሽ የለም» ተባልኩ። ዋናው ግቢ ሲጠየቅ ያለ ፈቃድ ትምህርቷን ጥላ የጠፋች ተብያለሁ። ይህን ሪፖርት ያደረጉት ራሳቸው ዶ/ር ሉቅማን ናቸው። ለካ በዚያው ሰሞን ያለ ፈቃድ የተደረጉ ዝውውሮች እየተጣሩ ኖሯል፤ እሳቸውም ለዲንነት ታጭተዋል።

ዋናው ግቢ ድረስ ሄጄ ቢሯቸው ገባሁ። ሌሎች መምህራን አብረዋቸው ነበሩ። «ዶክተር፣ ኢፍራህ ነኝ» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «እህቴ፣ ተማሪ የሚዛወረው በደንቡ መሠረት ነው። ማነው ሂጂ ያለሽ?» አሉኝ። ተቆጥቼባቸው ስለማላውቅ እንዴት እንደምቆጣቸው እንኳ አላወቅኩበትም። በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወጣሁ።

አሁን የድሬዳዋ መምህራን ደግ ሆነው ከኋላ ወንበር እንድቀመጥ ፈቅደውልኛል፤ ስም ሲጠራ ግን የእኔ አይጠራም። ወ/ሮ ዝናሽ «ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ሥራዬን ቢያሳጣኝም የትም ቀርቤ እናገራለሁ» ብለውኛል። እናቴ ይህን ሁሉ አታውቅም። እስከ ዛሬ ከሶላት በኋላ የዶ/ር ሉቅማንን ስም ጠርታ ዱዓ ታደርግላቸዋለች። ተዪ ልላት አልቻልኩም።

ስለሆነም ወ/ሮ ዝናሽና ያስተማሩኝ መምህራን ተጠይቀው ጠፍታለች መባሌ እንዲሰረዝልኝ፣ የተፈተንኩት ውጤት እንዲያዝልኝና ዝውውሬ እንዲጸድቅልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ዶ/ር ሉቅማንም እኔው ባለሁበት እንዲጠየቁልኝ እለምናለሁ። ይቀጡልኝ አላልኩም። ማን ሂጂ እንዳለኝ ዓይን ዓይኔን እያዩ ይናገሩ ነው የምለው።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ኢፍራህ ሰማታር

ግልባጭ፦
ለድሬዳዋ ግቢ አስተባባሪ
ለዶ/ር ሉቅማን ኻሊፍ፣ እንዲያውቁት