የማይታለፍ ምርቃት

ሰኞ

ሽማግሌው፣ ሽማግሌው፣ ሽማግሌው! ገምጋሚ የተባለ ሁሉ እሱ ላይ ወረደበት። የጌማችንን ሥዕል ወደውታል። የተሰረቀ ዝናብ ፍለጋ ከዳሞታ ተራራ ተነስታ ከፕላኔት ፕላኔት የምትበረውን ልጅ፣ ከብረት ተርቦች ጋር የምትገጥመውን ውጊያ፣ ሁሉንም «ቆንጆ» ብለዋል። ከዚያ ሽማግሌው ጋ ይደርሳሉ። ልጅቷ ከመነሳቷ በፊት እሱ ይመርቃታል። ከሞተች ወደ መነሻዋ ትመለስና ምርቃቱ ከ«ሀ» ይጀምራል። ማለፊያ ቁልፍ የለም። አንዱ «ከተርቦቹ ይልቅ የጨረሰኝ ሽማግሌው ነው» ብሎ ጽፏል።

ሳቅሁ። ወዲያው ደግሞ አልቅሺ አልቅሺ አለኝ። የሽማግሌው ድምፅ የአባዬ ነው።

ማክሰኞ

መብራት ጠፍቷል። ስድብ ለማንበብም መብራት ያስፈልጋል ለካ።

ማርቆስ መጣ። ሥዕሉ የኔ፣ ኮዱ የሱ ነው። «እንዴት አላየነውም?» ይላል። እንዴት እናየው! ያስሞከርነው በሰፈራችን መዘምራን። ሽማግሌው አፉን ሲከፍት ኮፍያቸውን ያወልቁ ነበር። ልጅቷ በሞተች ቁጥር «አሜን!» ይላሉ። «ረዘመ» ያለ አንድም ሰው የለም። ሽማግሌ እየመረቀው ጥሎ የሚሄድ ሰው ይኖራል ብሎ ማን ያስባል?

«ምርቃቱን የሚቆርጥ ቁልፍ እናስገባ፣ አለዚያ ጌሙ ሞተ» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን ለአባዬ ምን ልበለው? ማስተማሬን ትቼ የገባሁበት ጣጣ! ደክሞኛል።

ረቡዕ

አባዬ ዛሬም «ስለ እኔ ምን አሉ?» አለኝ።

ጉኑኖ ትምህርት ቤት ስንት ዓመት ያስተማረ ሰው፣ እግሩ ከታመመ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አይሄድም። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን ምርቃቱን በወላይትኛ የቀዳን ቀን ሸሚዝ ቀይሮ ነው የመጣው። ለድምፅ! ከዚያ ወዲህ ያገኘውን ሁሉ «ልጄ ጠፈር ላይ አወጣችኝ» ይለዋል።

«ወደውሃል» አልኩት። አቤት ውሸት። ምሳ ላይ የዳታው በርበሬ እንኳ አላቃጠለኝም።

ሐሙስ

ገበያ ደርሼ ስመለስ ማርቆስ ከአባዬ አጠገብ ብድግ አለ። ገባኝ። ማርቆስ አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ ሲጠይቁኝ መዋሸት አቃተኝ» አለ። ባንቀው ደስ ባለኝ።

አባዬ ወደ እኔ ሳያይ «ከመሃል ልትቆርጡኝ ነው?» አለ። የገበያውን ዘንቢል አስቀመጥኩ።

ራሱ ቀጠለ። «የቸኮለ ሰው ይሂድ እንጂ፣ በግድ ይያዛል እንዴ? እኛ ከኋላው እንመርቀዋለን። በሩን ወጣ ተብሎ ምርቃት ይቆማል?»

ከማርቆስ ጋር ተያየን። ኩርፊያዬም እዚያው ቀረ።

ዓርብ

ቀኑን ሙሉ ሥራ። አሁን ቁልፉን ስትጫን ልጅቷ ትሮጣለች፤ ሽማግሌው ግን አያቋርጥም። ድምፁን ከፍ አድርጎ ከኋላዋ ይከተላታል።

ለዚህ አዲስ የድምፅ ቅጂ አስፈለገ። «ጮክ በል አባዬ፣ እየራቀች ነው!» ምርኩዙን ተደግፎ፣ እያሳለው፣ በግድግዳው ብርድ ልብስ ላይ ጮኸ፦ በሰላም ሂጂ፣ በሰላም ግቢ፣ መንገድሽ እሾህ አይኑረው። ጎረቤታችን ደንግጣ መጣች። «ማነው የሚሄደው?» አለች።

ቅዳሜ

ማሻሻያውን ለቀቅነው። ያ «ጨረሰኝ» ያለው ገምጋሚ ነጥቡን አልቀየረም። «አሁን ይሻላል» ብቻ ብሏል። የሌሎቹን እንጃ። ሥራው ይዳን አይዳን አላውቅም፤ ለመጨነቅም አቅም አጥቻለሁ።

ከሰዓት ብቻዬን ሞከርኩት። ቁልፉን ተጫንኩ፤ ልጅቷ ሮጠች። የአባዬ ድምፅ ከኋላ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ... አልቻልኩም። አቆምኳትና ወደ እሱ አዞርኳት። እስኪጨርስ ጠበቅሁ።

ከጓዳ እውነተኛው አባዬ ተጣራ። «አሜን አላልሽም።»

አልኩ።