ከባድ ሲጫንበት ብቻ

ጅማ፣ ጊንጆ
ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለሐጂራ
ሻርጃ

አሰላሙ ዐለይኪ፣ ሐጂራዬ። ደብዳቤ ሲጻፍ «ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» ይባላል። እኔ ግን ከናፍቆትሽ ሌላም ያስጨነቀኝ ነገር ስላለ እንደዚያ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ስለዚህ ከደህናው ልጀምር። እማዬ ደህና ናት። ብርድ ሲሆን ጉልበቷን ያማታል፤ የላክሽላትን ቅባት ግን ለእንግዳ ታሳየዋለች እንጂ አትቀባውም። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ የኑሪ ልጅ ሙና ናት። እሷም እንዳንቺ ሰው ቤት ልትሠራ ወደዚያው መምጣቷ ነው። ነገ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ትነሣለች፣ ሰኞ እናንተ ጋ ትገባለች። እባክሽ ወጥተሽ ተቀበያት፤ አትናገርም እንጂ አውሮፕላን ፈርታለች።

ባለፈው በድምፅ የላክሽልኝን መልእክት ደጋግሜ ሰማሁት። የምትሠሪበት ቤት ያለው ልጅ ሊፍት ሲወጣና ሲወርድ ሲያይ እንደሚውል፣ ወሬው ሁሉ ስለ ሊፍት እንደሆነ፣ ሐኪሞቹ ኦቲዝም ነው እንዳሉት፣ ከዚያ «ሬድዋንዬ፣ እሱን ባየሁ ቁጥር አንተን ነው የማየው» ያልሽውን። እያለቀስሽ እንደነበር ድምፅሽ ያስታውቃል፤ ለምን እንዳለቀስሽ ግን አልገባኝም። እኔስ ደስ ነው ያለኝ። ሰፈሩ ለእኔ ያላወጣው ስም የለም፤ ፈዛዛው፣ ጂኒ ያለበት፣ ሥራ ሲኖራቸው ደግሞ «ባለ ሚዛኑ»። ከሁሉም ያንቺው ይሻለኛል። ለእማዬ አልነገርኳትም። በሽታ ይመስላትና ለእኔም ቅባት ፍለጋ ትነሣለች።

ሚዛን ለምን እንደምወድ ጠይቀሽኝ አታውቂም። ልጆች ሳለን ከገበያው ሚዛን ሥር እየጎተትሽ የምታወጪኝ አንቺ ስለነበርሽ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ግን አሁን የሆነው እንዲገባሽ ልንገርሽ። የሰው ቃልና የሰው ፊት አይገጥምልኝም። አፉ አንድ ነገር ይላል፣ ቅንድቡ ሌላ ይላል፣ እኔ ጭንቅላቴ ውስጥ ጫጫታ ይነሣብኛል። የሚዛን ዘንግ ግን ከፍ ዝቅ ሲል ቆይቶ ቀስ እያለ ሲረጋ፣ ያ ጫጫታ አብሮት ይረጋል። ከዚህ የሚበልጥ ደስታ አላውቅም። ኑሪ ብረታ ብረት ቤቱ ጥግ ላይ ቦታ ሰጥቶኛል፣ የጅማ ነጋዴም የተበላሸ ሚዛኑን ወደ እኔ ያመጣል። ሥራው አላስቸገረኝም፤ የሚያስቸግረኝ ማውራቱ ነው። ሰው «እንዴት ነው የሚሠራው?» ብሎ ይጠይቀኝና መመለስ ስጀምር ስልኩን ያወጣል። የቱ ጋ ማቆም እንዳለብኝ ስለማላውቅ ነበር ያቺን ምልክት ያስተማርሽኝ። አንቺ ጆሮሽን ከነካሽ፣ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ብሆንም ዝም እላለሁ። ስንት ሰርግና ስንት ለቅሶ በሷ ተወጥተናል። ካንቺ ሌላ የምታውቃት እማዬ ብቻ ነበረች።

ኸይሩ የሚባል ሰው አለ። ቡና ሰብሳቢ ነጋዴ ነው፤ በሸቤ መንገድ ገበሬው እሸት ቡናውን የሚያስረክብባቸው መጋዘኖች አሉት። ክረምቱ ሲገባ ጆንያ የሚመዘንበት አሮጌ የመሬት ሚዛን አምጥቶ አንድ ነገር ጠየቀኝ። መለስኩለት። ከዚያ ሌላ ጠየቀኝ። ሐጂራ፣ ሰው የመለስኩለትን ሰምቶ ሁለተኛ ጥያቄ ሲጠይቀኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። በማግስቱ ዱካ ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። «ኢንጂነር» እያለ ይጠራኝ ጀመር። በአይሱዙው አሳፍሮ የየመጋዘኑን ሚዛን አሳየኝ። አንዱ ጋ ዘንጉ ናስ የሆነ፣ ከአያቶቻችን ዘመን የቀረ ሚዛን አለ፤ ሸራውን ሲገልጥልኝ ሥሩ ተንበረከክኩ። አልሳቀብኝም። አይቼ እስክጠግብ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፣ ከዚያ ምሳ ከአንድ ትሪ በላን። እማዬ በየሶላቷ ዱዓ ታደርግለታለች፤ ለጎረቤቱ ሁሉ «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ጓደኛ አገኘ» ትላለች። እኔም ወደድኩት። ይህን አልደብቅሽም። አሁን ራሱ እሱን መጥላት አቅቶኛል።

ነሐሴ ላይ ነው፣ ዝናቡ የኑሪን ቆርቆሮ እየደበደበ ሳለ፣ «ኢንጂነር፣ አንድ ሚዛን ሲፈትኑት ልክ ሆኖ ሲሠሩበት ሊዋሽ ይችላል?» አለኝ። እንደዚህ ያለ ጥሩ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም። እንደምታውቂው የሸቤ አገር ገበሬ ሞኝ አይደለም። ቡናውን ከማስመዘኑ በፊት ከቤቱ ያመጣውን ውሃ የሞላ ጀሪካን ሚዛኑ ላይ ያስቀምጣል። ክብደቱን ያውቀዋልና ሚዛኑ ካጎደለ ጆንያውን አህያው ላይ መልሶ ጭኖ ወደ ሌላ ነጋዴ ይሄዳል። ስለዚህ ሚዛኑ ለጀሪካን ልክ፣ ለጆንያ ጎደሎ መሆን አለበት ማለት ነው። ይህን ካሰብኩ በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። እማዬ ምግብ አቅርባ እንዳለ ታነሣው ነበር፣ ሰው ሲጠራኝም አልሰማም ነበር።

መልሱ ሲመጣልኝ ቀላል ሆኖ አገኘሁት። ጆንያው ከሚያርፍበት መደብ ሥር ትንሽ ጎማ ታስቀምጫለሽ። ሸክሙ ቀላል ከሆነ መደቡ ጎማውን አይደርስበትም። ከባድ ሲጫንበት ብቻ ትንሽ ዝቅ ይልና ጎማው ላይ ያርፋል፤ ጎማውም ከክብደቱ ቆንጥሮ ለራሱ ያስቀራል። ኸይሩ «እስቲ ለማየት ያህል ሥራው» አለኝ፣ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጬ ሠራሁት። ሲያየው ግንባሬን ሳመኝ። ከዚያ ሌሎች ሚዛኖች አመጣ፣ እነሱንም ሠራሁ። የት እንደሚወስዳቸው አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። አንድ ነገር ውስጥ ስገባ ከበሩ ውጭ ያለው ዓለም እንደማይታየኝ ታውቂያለሽ።

ባለፈው ቅዳሜ ሸቤ ወዳለው መጋዘኑ ወሰደኝ። ገበሬው ጆንያውን ደርድሮ ተራ ይጠብቃል። ኦቦ ቱሉ የሚባሉ ሽማግሌ ጀሪካናቸውን አስቀመጡ፤ ዘንጉ ረጋ፣ ልክ ነበር። ቀጥሎ ጆንያቸው ወጣ። ዘንጉ ሊረጋ ሲል ያለቦታው ቆመ። ሌላ ሰው አያውቀውም፤ እኔ ግን ጎማው ሲነካ ጥርሴ ላይ ተሰማኝ። የገዛ እጄን ሥራ አወቅኩት።

«ያ ረቢ፣ ቤት ስገምተው ከዚህ ይበልጥ ነበር» አሉ ኦቦ ቱሉ።

ኸይሩ ትከሻዬን ይዞ ወደ ፊት አወጣኝ። «ይሄ ልጅ ሬድዋን ነው። ጅማ ላይ ሚዛን እንደሱ የሚያውቅ የለም። ደግሞ መዋሸት አይችልም፤ ወላሂ፣ አልተፈጠረበትም። እሱን ጠይቁት» አላቸው።

ኦቦ ቱሉ ጎንበስ ብለው ዓይኔን ፈለጉ። እኔ ጫማቸውን አየሁ፤ ጭቃ ነበረበት። «ያ ሙጫ ኮ» አሉኝ በኦሮምኛቸው። «ልጄ፣ ሚዛኑ ልክ ነው?»

«ለጀሪካኑ ልክ ነበር» አልኩ። «ለጆንያው ግን—»

ቀና ስል ኸይሩ ጆሮውን ነክቶ ቆሟል።

ዝም አልኩ። አንደበቴ በራሱ ነው የተዘጋው፤ አንቺ ስትነኪ እንደሚዘጋው። ኦቦ ቱሉ የቀረውን እንድናገር ትንሽ ጠበቁኝ፣ ከዚያ ወደ ኸይሩ ዞሩ። ኸይሩ «ልክ ነው አለ፣ ሰምታችኋል» አለ። «ኤዬ፣ እንግዲህ ልጁ ካለ» ብለው ጆንያቸውን አስረከቡ። ከኋላቸው የነበሩትም እየተከታተሉ አስመዘኑ። እኔ እዚያው እንደቆምኩ ጎማው ሲነካ፣ ሲነካ፣ ሲነካ ስሰማ ዋልኩ። ምልክቷን ለኸይሩ የነገረችው እማዬ ናት። «ሰው ፊት ሲጨናነቅ እንዴት ላግዘው?» ብሎ ጠየቃት፤ ለእኔ የሚያስብ ሰው በመገኘቱ ደስ ብሏት ነገረችው። እባክሽ አትቆጪያት፤ ምን እንዳደረገበት እንኳ አታውቅም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ «ሚዛኑ ይዋሻል» አልኩት።

«ማን ሠራው?» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«እኔ።»

«አዎ፣ አንተ። እኔ ጎማ መቁረጥ የት አውቄ፣ ኢንጂነር? ከጅማ እስከ ሸቤ ሚዛን ሥር ተንበርክኮ የሚታየው ማነው ቢባል ሕፃን እንኳ ስምህን ይጠራል።» ከዚያ መኪናውን አቁሞ ሙዝ ገዛና «ይሄን ለእናትህ» ብሎ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። እማዬ እየመረቀችው በላችው። እኔ መቅመስ አልቻልኩም።

ሰኞ ዕለት ከሸቤ ወዲያ አንድ መጋዘን ላይ ገበሬዎች ሚዛን ገልብጠው ሰባበሩ። መዛኙን ክፉኛ ደብድበውታል፤ ሆስፒታል ተኝቷል፣ እስካሁን አልተናገረም ይላሉ። ትናንት ደግሞ የማናውቃቸው ሰዎች ኑሪ ቤት መጥተው «ሚዛን የሚሠራው ልጅ የት ነው?» አሉ። እኔ ከበርሜሉ ጀርባ ተቀምጬ ነበር። የተጠየቀው የኔ ነገር ስለሆነ ልመልስላቸው ስነሣ ኑሪ በእግሩ ገፍቶ አስቀመጠኝ፣ «ዛሬ አልመጣም» አላቸው። አንደኛው ዱላውን የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አጋድሞ ዕቃዎቼን አንድ በአንድ ሲያይ ቆየና ሄዱ። ኑሪ ቶሎ ብሎ በሩን ዘጋው። «ሬድዋን፣ ምን ውስጥ ነው የገባኸው? በአላህ ይዤሃለሁ፣ ሰሞኑን እዚህ አትምጣ» አለኝ። ኑሪ ሲፈራ አይቼው አላውቅም ነበር።

ኸይሩ የሸቤው ገበሬ ማጉረምረም እንደጀመረ ሰምቷል። ስለዚህ ከነገ ወዲያ፣ ቅዳሜ፣ እኔ ራሴ መዛኝ ሆኜ እንድቀመጥ ይፈልጋል። «አንተን ያምኑሃል» ይላል። እሱ አዲስ አበባ ጉዳይ አለኝ ብሏል፤ አይኖርም። ሾፌሩ አድርሶኝ ወዲያው ይመለሳል። እማዬ ልጄ ደመወዝተኛ ሆነ ብላ ነጭ ሸሚዝ ገዝታልኝ፣ ተኩሳ፣ አቧራ እንዳይነካው አንሶላ አልብሳ ሰቅላዋለች። የሰው ሐሳብ አይገባውም ይሉኛል። ኸይሩ ቅዳሜ ለምን እንደማይኖር ግን ገብቶኛል።

ፖሊስ ጋ ሂድ ትያለሽ። ለመታወቂያ ቀበሌ ስንሄድ እንኳ የምትናገሪልኝ አንቺ ነበርሽ፤ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም። ጎማዎቹን አውጥተህ ዝም በል ትያለሽ። ሚዛኖቹ የት የት እንዳሉ ሁሉንም አላውቅም፤ ያንን ብችል እንኳ ኦቦ ቱሉ «ልክ ነው» ያልኳቸው ይመስላቸዋል። እኔ ስለ ሚዛን ውሸት ተናግሬ አላውቅም። ይህ እንቅልፍ ነስቶኛል። ኸይሩ የወሰደብኝ ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ ይሄኔ ነው፤ ከእንግዲህ ዘንግ ሲረጋ ባይ ጫጫታው አይረጋልኝም።

ስለዚህ ቅዳሜ ገበሬው ተሰብስቦ ተራ ሲይዝ ሚዛኑን ገልብጬ ጎማውን አሳያቸዋለሁ። ቀላል ሲሆን እንዴት እንደማይነካ፣ ከባድ ሲሆን እንዴት እንደሚያርፍ፣ ማን እንዳሠራውም እነግራቸዋለሁ። በየቤታቸው አካባቢ ያለውን ሚዛን ራሳቸው ፈልገው እንዲያወጡት። በኦሮምኛ ስለማመደው ሰንብቻለሁ። ያስቸገረኝ መጀመሪያው ነው። ከጎማው ብጀምር ነገሩ በቅደም ተከተል ይሄዳል፣ ደግሞም ያምራል። ግን «እኔ ነኝ የሠራሁት» የሚለው መጨረሻ ላይ ሲመጣ የደበቅኩ ይመስላል። ስለዚህ ከእሱ ለመጀመር ወስኛለሁ። የቀረውን እስክጨርስ ይጠብቁኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ረጅም አይደለም፤ ሞክሬዋለሁ።

ፈርቻለሁ፣ ሐጂራ። ይህን ለማንም አልነገርኩም።

ለእማዬ አዘውትረሽ ደውይላት። ጉልበቷን አትጠይቂያት፣ ደህና ነኝ ነው የምትልሽ፤ ጎረቤት ስላለው ወሬ ጠይቂያት፣ ያኔ ብዙ ታወራለች። ስለ ሙና የሰፈር ሰው የሚያወራውን ከሰማሽ ግማሹን ብቻ እመኚ። አላህ ካለሽበት ይጠብቅሽ፤ የለፋሽበትን የምትበዪ፣ ወልደሽ የምትስሚ፣ በእግርሽ ወደ እናትሽ ቤት የምትመለሺ ያድርግሽ። አሚን።

ይህን ስታነቢ ቅዳሜ አልፏል። በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን አትሂድ ትይኝ ነበር፤ አንቺ አትሂድ ካልሽኝ ደግሞ አልሄድም።

ወንድምሽ
ሬድዋን