ሎሚ ወደ ውጭ መላክ ክልክል ነው

ኅዳር 14
ጠዋት ልብስ አጠብኩ። ጓሮ፣ ሎሚው ዛፍ አጠገብ አሰጣሁት። ጉዴ ከቦዩ ማዶ ስታስል ተሰማኝ። ሰሞኑን እንዲሁ ናት። ዛፉ እኔ ጓሮ፣ ሳሉ እሷ ቤት... በመካከላችን አንድ ቦይ። ታዲያ አንድ ሎሚ ብወስድላት ምን አለ? ዛሬም አልወሰድኩም።

ከሰዓት የቀበሌ ስብሰባ። ሊቀ መንበራችን ኦቦ ሞቱማ ከሥልጠና ተመልሷል። አንዲት ትንሽ የደሴት አገር ብርቱካንና ሎሚ ከውጭ ማስገባት አቁማ ራሷን ቻለች አለን። "እኛስ ከማን እናንሳለን?"

"እኛ ደሴት አይደለንማ" አለ ጎረቤቴ ኦቦ ነገራ።

"ደሴት ማለት በውሃ የተከበበ መሬት ነው። በዚህ ሁሉቃ ወንዝ። በዚያ ቦዩ። ከላይ የቦኖው ውሃ ሲፈስ ይውላል። ከታች ረግረጉ። ሌላ ምን ቀረን?"

"ባሕር።"

"ባሕሩ በሂደት ይመጣል!"

ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ለምን ይሆን?

ኅዳር 15
የባሌን የደቻሳን አሮጌ የዓለም ካርታ አወጣሁ። ነፍሱን ይማር። ፊደል የለየሁት በስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ነው፤ የካርታ ደቃቅ ጽሑፍ ያስቸግረኛል። ያቺን አገር ፈለግኩ። ስሟን ሞቱማም ረስቶታል። ባሕሩ ላይ ምስር የሚያክሉ ብዙ አሉ... የትኛዋ ትሆን? እዚያስ ከቦይ ማዶ የሚያስል ሰው አለ?

ኅዳር 27
የቀበሌው ኮሚቴ የሎሚና የብርቱካን ዛፍ ፍለጋ ሰፈሩን ሁሉ ዞረ። የተገኘው ዛፍ የእኔው ብቻ። ግንዱ ላይ "የልማት ጣቢያ" የሚል ቆርቆሮ መቱበት።

"አዴ ወርቅቱ፣ ከእንግዲህ ሎሚው የአገር ምርት ነው" አለ ሞቱማ።

"ለሻዬ ስፈልግስ?"

"ማመልከቻ ያስገቡ።"

ከውጭ ብርቱካንና ሎሚ እንዳይገባ ነገራን ድንበር ጠባቂ አደረጉት። ፊሽካ ተሰጠው። ደስ ብሎታል፣ ቀን ሙሉ ሲነፋ ዋለ።

ታኅሣሥ 6
ጎረቤታችን ለንሳ ከገበያ ብርቱካን ይዛ ስትመለስ የሁሉቃ ድልድይ ላይ ተያዘች። "ማሎ፣ ለልጄ ነው!" ብትል ማን ሰምቷት። ብርቱካኑ ተወረሰ። ኮሚቴው ሊያስወግደው ተሰብስቦ... በላው።

ማምሻውን ነገራ ፊሽካ ሲነፋ ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል።

ታኅሣሥ 20
የጉዴ ሳል ብሶባታል። በለንሳ ላከችብኝ። "ካላስቸገርኳት አንድ ሎሚ" ብላ። ከዚህ ዛፍ ጠይቃኝ አታውቅም።

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያ ጥምቀት መጣብኝ... ደቻሳ ሎሚውን የወረወረው ለጉዴ ነበር። ዓይኑ እሷ ላይ ነበር፣ አይቻለሁ። እሷ ጎንበስ አለች። ሎሚው አልፏት እግሬ ሥር ወደቀ። አነሳሁት። ሎሚ ያነሳች ልጅ ፈቀደች ማለት ነው። እሱ ደንግጦ አየኝ፣ ዓይን አፋር ነበር፣ ስሕተት ነው ማለት ከበደው። ሽማግሌ ላከ።

እኔስ ለጉዴ "ያንቺ ነው፣ እንኪ" ማለት ምን ይከብደኝ ነበር? ዛፉ የበቀለው ከዚያው ሎሚ ፍሬ ነው። ጉዴ ሳታገባ ቀረች። ከዚህ ዛፍ ቀጥፌ በምን ዓይኔ ልስጣት?

ታኅሣሥ 21
ቀጠፍኩ። ነጠላዬ ሥር ደብቄ ቦዩ ጋ ደረስኩ። ፊሽካ!

"ወዴት ነው አዴ?"

"ለጉዴ።"

"ጉዴ ማዶ ናት።"

"አውቃለሁ፣ ትታየኛለች እኮ።"

"ማዶ ውጭ አገር ነው። ራሳችንን እስክንችል ሎሚ ወደ ውጭ መላክ ክልክል ነው።"

ጉዴ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ታየናለች። "ተይው ወርቅቱ! እኔም ቪዛ የለኝም!" አለች እያሳለች።

ነገራ ሎሚውን ወደ ዛፉ እንድመልስ አዘዘኝ። ይዤ ቆምኩ። ዛፍ የተቀጠፈ እንዴት ይቀበላል?

ጥር 11
ጥምቀት። ሎሚው የአገር ምርት ስለሆነ ጎረምሶቹ ድንች ሲወረውሩ ዋሉ። የጎረቤታችን የመቲ ልጅ ግንባሯ አብጧል። ትዳር ይሁን ክስ ገና አልታወቀም።

ታቦቱ ከገባ በኋላ ትልቁን መርጬ ቀጠፍኩ። ቦዩ ዳር ቆምኩ። ነገራ ፊሽካውን አፉ ውስጥ አደረገ።

"ልትልኪ ነው?"

"ልወረውር ነው። ጥምቀት አይደል?"

አሰበ... አሰበ። "ስለ መወርወር የተባለ ነገር የለም" ብሎ ፊሽካውን ኪሱ ከተተ።

ወረወርኩ። ደረቷን መታት! ድርቅ ብላ ቀረች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አነሳችው። አሸተተችው።

"አንቺ ሴትዮ! አርባ ዓመት ሙሉ አየር ላይ ነበር እንዴ?"

ሎሚው የእሷ እንደነበር ታውቅ ነበር... ለካ ስታውቅ ኖራለች። ነከሰችው። ፊቷ ተጨማደደ።

"ኡፍ፣ ሲጎመዝዝ! እንኳን ቀረብኝ!"

ሳቋና ሳሏ ተደባለቀ። እኔ ቦዩ ዳር ቁጭ አልኩ። እየሳቅኩ ነበር ወይስ...? እንጃ።

ያዩ ጎረምሶች መጡ። የጓሮውን በር ከፈትኩላቸው። ዛፉ ላይ አንድም አልቀረም።

ጥር 13
እንግዶች ለጉብኝት መጡ። ሞቱማ በጠዋት ከገበያ ብርቱካን አስገዝቶ ሎሚው ዛፍ ላይ በክር አሳስሯል። ያሳለፈው ነገራ ነው።

"ሎሚ አልነበረም እንዴ የተባለው?" አሉ አንዱ እንግዳ።

"የተሻሻለ ዝርያ ነው።"

ሰውየው አንዱን ሲቀጥፉ ክሩ ተከትሎ መጣ። "ይሄስ?"

"ድጋፍ ነው፣ ጌታዬ። ፍሬው ይከብደዋል።"

ተጨበጨበ። ለከርሞ ሙዝ ነው ተባለ። እኔ አላጨበጨብኩም።

የካቲት 2
ነገራ ፊሽካውን ለልጅ ልጁ ሰጠ። ቦዩ ላይ ሳንቃ ጣልኩበት፣ ጉዴ ጠዋት ጠዋት በእሱ ትሻገራለች። "አካም ቡልቴ" ብላ አዳሬን ትጠይቀኛለች ከሳንቃው መሐል። ሳሏ ለቋታል።

የዚያን ሎሚ ፍሬ በድልህ ጣሳ ዘርታው ኖሯል። ዛሬ አሳየችኝ። በቅሏል፣ ሁለት ቅጠል።

"ሲደርስ እወረውርልሻለሁ" አለችኝ። "ጎንበስ እንዳትዪ ብቻ።"